አስፈሪ ፊልም ሰርቼ አላስፈራ አለኝ፤ ድባቡ ከየት ነው የሚመጣው?

ባዶ ፎቅ፦

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች።

አጭር ሆረር ፊልም እየሰራሁ ነው፣ 8 ደቂቃ ገደማ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ሴት ማታ ብቻዋን ቤት ውስጥ አለች፣ ከላይኛው ፎቅ የእግር ኮቴ ትሰማለች፣ ላይ ግን ማንም የለም። ልታይ ትወጣለች። በቃ። ቀረጻው አልቋል፣ ኤዲቲንጉም ተገባዷል። ስክሪፕቱን ያነበቡ ሁሉ "ይሄስ ያስፈራል" ሲሉኝ ነበር። ምስሉ ላይ ግን ያ ነገር የት እንደገባ እንጃ። ወፍ የለም።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ክፍሉን ድቅድቅ አድርጌ አጨልሜዋለሁ፣ አንዳንድ ቦታ የተዋናይዋ ፊት ራሱ አይለይም። ካሜራው በእጅ የተያዘ ነው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይንቀጠቀጣል። አስፈሪ ሙዚቃ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ አለ። መጨረሻው ላይ አንድ ፊት በከባድ ድምፅ ታጅቦ ድንገት ብቅ ይላል። ሌሎች ፊልሞች ላይ የማየውን ሁሉ አስገብቻለሁ ማለት ይቻላል። ከሁሉ የባሰው ደረጃውን የምትወጣበት ትዕይንት ነው። አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ ሲያዩት ግን እጅ እጅ ይላል።

ያለኝ ዕቃ አንድ ካሜራ፣ አንድ ሌንስ፣ ሁለት መብራትና አንድ ማይክ ነው። ደግሜ መቅረጽ እችላለሁ፣ ቤቱም ተዋናይዋም አሉ። ብቻ "መጀመሪያ ደህና ካሜራ ግዛ" እንዳትሉኝ።

ሳውንድ ሰው፦

ሌላውን ሁሉ ተወውና መጀመሪያ ሙዚቃውን ዝጋው። ሙሉ በሙሉ። ከዚያ ፊልሙን ዓይንህን ጨፍነህ አዳምጠው። ምን ትሰማለህ? ምናልባት ምንም። የእርምጃዋ ድምፅ የለም፣ የልብሷ ኮሽታ የለም፣ የቤቱ ድምፅ የለም። ይሄን ሁሉ ጉድለት ሙዚቃው ሸፍኖልህ ነው የከረመው።

ሙዚቃ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ "ፍሩ፣ ፍሩ" እያለ ከወተወተ ተመልካቹ ወዲያው ይለምደዋል። ጆሮ የማያቋርጥ ነገር አይሰማም፣ ወደ ጎን ያደርገዋል። የአንተ ታሪክ ውስጥ ደግሞ የሚያስፈራው ነገር ኮቴ ነው፣ ማለትም ድምፅ ነው፣ አንተ ግን ያንን ኮቴ ከነነፍሱ በሙዚቃ ቀብረኸዋል። እኔ ብሆን ቢያንስ የፊልሙን የመጀመሪያ ግማሽ ያለ አንዳች ሙዚቃ ነበር የምሰራው።

እንዲህ አድርግ። ማታ ሁሉም ሰው ሲተኛ እዚያው ቤት ውስጥ ማይኩን አቁምና ምንም ሳታደርግ ጥቂት ደቂቃ ቅዳ። የባዶ ቤት ጸጥታ ራሱ ድምፅ አለው። ፍሪጅ ያጉረመርማል፣ እንጨት ይንቋቋል፣ በሩቅ መኪና ያልፋል። ይሄን ከምስሉ ስር አንጥፈው። ተመልካቹ ልብ አይለውም፣ ልብ እንዲለውም አንፈልግም። ከዚያ የመጀመሪያው ኮቴ ከመሰማቱ ጥቂት ሰከንድ ቀደም ብለህ የፍሪጁን ድምፅ አጥፋው። "ፍሪጁ ዝም አለ" የሚል ሰው አይኖርም፣ ግን ሁሉም ምክንያቱን ሳያውቅ ጆሮውን ያቆማል።

ኮቴውን ደግሞ ማይክ ጫማው አጠገብ ደቅነህ እንዳትቀዳው። ሰውየው ላይ ይራመድ፣ ማይኩ ታች እሷ የተቀመጠችበት ቦታ ይሁን። ኮርኒሱ ቀጫጭኑን ድምፅ ያስቀረዋል፣ የሚያልፈው ወፍራሙ ብቻ ነው፣ ድፍን ያለ ዱብ ... ዱብ ... ዱብ። ጥርት ያለ የጫማ ድምፅ ካስገባህ ሰውየው እዚያው ሳሎን ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው። እርምጃው ከክፍሉ አንድ ጫፍ ይነሳና ልክ ከእሷ ራስ በላይ ሲደርስ ይቁም። አትቀጥለው። ያ መቆም ከየትኛውም ጩኸት ይበልጣል፣ ምክንያቱም ላይ ያለው ነገር ታች ማን የት እንደተቀመጠ ያውቃል ማለት ነው።

ሙዚቃ አታስገባ እያልኩህ አይደለም። ሂችኮክ "ሳይኮ" የተባለውን የ1960 ፊልሙን ሲሰራ የሻወሩን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ነበር ያሰበው። አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ግን ዝም ብሎ ጽፎ አሰማው፣ ሂችኮክም ሐሳቡን ቀየረ። ሙሉው ሙዚቃ የተሰራው በክር መሣሪያዎች ብቻ ነው፣ ያ ስለት የመሰለ ቫዮሊን ዛሬም ያሳቅቃል። ይሄው ዳይሬክተር በ1963 "ዘ በርድስ"ን ሲሰራ ግን የተለመደ ማጀቢያ ሙዚቃ የሚባል ነገር አላስገባም፣ በእሱ ፋንታ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተፈጠሩ የወፍ ድምፆችና ጸጥታ ናቸው ያሉት። አንድ ሰው ነው ሁለቱንም የመረጠው። ሙዚቃው የገባው መምጫው ሲታወቅ ነው፣ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አይደለም።

ጥላ ወዳድ፦

ከሳውንድ ሰው ጋር አልጣላም፣ እኔ ግን ከጨለማው ነው የምጀምረው። ጨለማ ለብቻው አያስፈራም ወንድሜ። ጥቁር ስክሪን ላይ የሚያየው ያጣ ሰው ስልኩን ያወጣል እንጂ አይፈራም። የሚያስፈራው የሚታየውና የማይታየው ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው። ዓይን በራ ያለውን ቦታ አይቶ ሲጨርስ አጠገቡ ያለውን ጥቁር ቦታ ለመለየት ይታገላል፣ አልለይ ሲለው ከራሱ አምጥቶ ይሞላዋል።

ጀርመኖች ይሄ ነገር ገና ድሮ ነው የገባቸው። በ1920 የወጣው የዶክተር ካሊጋሪ ፊልም ላይ ብዙዎቹ ጥላዎች በመብራት የመጡ አይደሉም፣ ግድግዳና ወለል ላይ በቀለም የተሳሉ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው "ኖስፈራቱ" ላይ ደግሞ ጭራቁ ደረጃ ሲወጣ እሱን ራሱን አናየውም፣ የምናየው ግድግዳው ላይ የሚሄደውን ጥላውን፣ የጎበጠ ጀርባውንና ረዣዥም ጣቶቹን ነው። መቶ ዓመት አልፎታል፣ ያ ጥላ እስካሁን ይሰራል። አንተም ደረጃ አለህ፣ ሁለት መብራት አለህ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

በሩን ተጠቀምበት። የላይኛውን ክፍል በር ዝጋና አንዱን መብራት ከውስጥ ወለሉ አጠገብ አስቀምጠው። ኮሪደሩ ይጨልም። ያኔ በበሩ ስር ቀጭን የብርሃን መስመር ትወጣለች። ካሜራውን ወለል ድረስ አውርደህ መስመሯ ላይ አነጣጥር። ምንም አይንቀሳቀስ። ሰው "ምንድነው የማየው?" እስኪል ድረስ ይቆይ። ከዚያ ከውስጥ አንድ ሰው ቀስ ብሎ መጥቶ በሩ ጋ ይቁም። መስመሯ ሁለት ቦታ ላይ ትቆረጣለች። ሁለት እግር። ሌላ ምንም አታሳይ፣ በሩም አይከፈት።

ስትቀርጽ ግን ምስሉን ካሜራው ላይ ከልክ በላይ አታጨልመው። ብርሃን ያጣ ሴንሰር ጥቁሩን ቦታ በነጠብጣብ ይሞላዋል፣ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ ትንሽ ላብራው ስትል ይበላሻል። ማየት የምንፈልገውን ነገር በወጉ አብራውና ቀለም ስታስተካክል ዝቅ አድርገው። ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ ጥቁር የሚሆነው መብራቱ እዚያ እንዳይደርስ ስትጋርደው ነው፣ ለዚህ ካርቶንና ጥቁር ጨርቅ ይበቃል።

በነገራችን ላይ ሆረር የግድ ጨለማ መሆን የለበትም። የ1977ቱን "ሱስፒሪያ" ያየ ያውቃል፣ ቀይና ሰማያዊው ዓይን ይወጋል፣ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል፣ ግን አንዲት ደቂቃ አያሳርፍም። ከአገጭ ስር የሚመጣ መብራት ግን እባክህ ይቅርብህ።

መቀሱ፦

ደረጃው ለምን እንደሞተ ልገምት። ካሜራው ከኋላዋ ነው፣ ከታች እስከ ላይ በአንድ ሾት እየተከተልካት ነው፣ እሷ የምታየውን እኛም እኩል እናያለን። ልክ ነኝ? እንደዚያ ከሆነ ተመልካቹ ከእሷ የበለጠ የሚያውቀውም፣ ያነሰ የሚያውቀውም ነገር የለም። ደረጃ ሲወጣ ማየት ብቻ ነው የቀረለት።

ሂችኮክ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለትሩፎ የነገረው የታወቀ ምሳሌ አለ። ሰዎች ተቀምጠው ተራ ወሬ ያወራሉ፣ ጠረጴዛው ስር ቦምብ አለ። ሳናውቅ ከፈነዳ 15 ሰከንድ እንደነግጣለን። ቦምቡ እንዳለና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚፈነዳ ቀድመን ካወቅን ግን ያቺው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ልብ ትሰቅላለች። ስለዚህ የጥላ ወዳድን የበር ሾት ደረጃውን መውጣት ከመጀመሯ በፊት አስገባው። እኛ ሁለቱን እግሮች አይተናል፣ እሷ አላየችም። አሁን ደረጃውን ስትወጣ በየእርምጃው "አትሂጂ" የሚለው ተመልካቹ ነው። ተዋናይዋ ምንም መጨመር የለባትም፣ እንዲያውም ባትፈራ ይመረጣል።

አቆራረጡን ደግሞ ከፊቷ ጀምር። ቆማ ወደ ላይ ታያለች። እዚያው ቆይ። ሰው ሁሉ "አሁን የምታየውን ሊያሳየን ነው" ብሎ ሲጠብቅ አታሳየው። እጇ የደረጃውን ድጋፍ ሲይዝ፣ እግሯ የመጀመሪያውን ደረጃ ሲረግጥ፣ ከዚያ እንደገና ፊቷ። አንድ ጊዜ ብቻ ከላይ ወደ ታች እያት፣ ካሜራው ሳይንቀሳቀስ፣ ላይ የቆመ ሰው ዝም ብሎ ቁልቁል የሚያያት እንዲመስል። ይሄን ሾት ሁለተኛ አትጠቀመው፣ ከተደጋገመ ተራ አንግል ይሆናል።

ድንገት ማስደንገጥን ብዙ ሰው ይንቃል፣ እኔ አልንቅም። በ1942 በወጣው "ካት ፒፕል" ላይ አንዲት ሴት ማታ ጭር ባለ መንገድ ትሄዳለች፣ ከኋላዋ ኮቴ ይሰማል፣ ከዚያ የተከታዩዋ ኮቴ ይጠፋል። እሷ ትፈጥናለች፣ ዞር ትላለች፣ ማንም የለም። አሁን አንድ ነገር ሊዘልባት ነው ብለን ትንፋሻችንን ስንይዝ ከፍሬሙ ጫፍ በጩኸት ጥልቅ የሚለው ... አውቶቡስ ነው። በቃ፣ ተራ አውቶቡስ። ይሄ ዓይነቱ ማስደንገጫ በፕሮዲውሰሩ በቫል ሉተን ስም እስከ ዛሬ "የሉተን አውቶቡስ" ይባላል። አውቶቡሱ የሰራው ከእሱ በፊት ባለው ረጅም እርምጃ ነው። ያንተ ፊት ግን ከምንም በፊት ምንም ሳይቀድመው ነው ዱብ ያለው።

አይዋጥልኝም፦

ስለ መብራት፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ መቀስ አወራችሁ። ሴትዮዋ ግን ማን ናት? ለምንስ ትወጣለች? እኔ ብሆን ኮቴውን እንደሰማሁ የውጪውን በር ከፍቼ እግሬ አውጪኝ ነበር። መውጣት ያለባት ምክንያት ከሌለ ተመልካቹ "ሞኝ ናት" ይልና እዚያው ላይ ፍርሃቱ ያልቃል። የፈለግከውን ጥላ ብትሰራ አይመልሰውም።

ሳውንድ ሰው፦

@አይዋጥልኝም እውነቱን ነው፣ እንዲያውም ሐሳብ ሰጠኸኝ። ላይ የተኛ ልጅ ቢኖራትስ? የመጀመሪያውን ኮቴ ስትሰማ አትደነግጥም፣ "ተነሳ እንዴ?" ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ኮቴው ይቀጥላል። ከዚያ ዞር ስትል ልጁ ከጎኗ ሶፋው ላይ ተኝቷል።

አይዋጥልኝም፦

አሁን ተዋጠልኝ። ግን ልጁ ታች ከሆነ ለምን ወደ ላይ ትወጣለች? ይዛው ከቤት ትውጣ እንጂ።

መቀሱ፦

ዞር የሚለውን መጨረሻ ላይ አድርገው። ልጁ ላይ መስሏት ትወጣለች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ከታች ሳሎን ልጁ "እማዬ" ብሎ ይጠራታል። ቁረጥ። አለቀ።

ትሪፖድ፦

እስካሁን ካሜራውን ማንም አላነሳላችሁም። @ባዶ ፎቅ፣ በእጅ የተያዘው ካሜራ ችግሩ ከሙዚቃው ጋር አንድ ነው። ገና ምንም ሳይመጣ ካሜራው ከፈራ፣ የእውነት የሚያስፈራው ሲመጣ ምን ሊጨምር ነው? ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጣሪያ አድርሰኸዋል፣ ከዚያ በላይ መውጫ የለውም።

የሚንቀጠቀጥ ካሜራ የሚያምረው ታሪኩ ውስጥ ካሜራውን የያዘ ሰው ሲኖር ነው። በ1999 የወጣውን "ብሌር ዊች ፕሮጀክት" ተዋናዮቹ ራሳቸው ናቸው የቀረጹት፣ መንቀጥቀጡ የእነሱ እጅ ነው። "ፓራኖርማል አክቲቪቲ"ን ደግሞ እይ። ሌሊቱን መኝታ ቤት ውስጥ ካሜራው ቆሞ ነው የሚቀርጸው፣ ንቅንቅ አይልም። ሁለት ሰው ተኝቷል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሌላ የሚታይ የለም። ካሜራው "ይሄን እይ" ስለማይልህ አንተ ራስህ ጥግ ጥጉን ስትፈልግ ታመሻለህ።

ስለዚህ እሷን ፍሬሙ መሃል አትትከላት። ወደ አንድ ጠርዝ አድርጋትና የቀረውን ቦታ ከኋላዋ ላለው ክፍት በር ተውለት። ፎከሱ እሷ ላይ ይሁን፣ በሩ ይደብዝዝ። በዚያ በር ምንም አታሳልፍ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ተመሳሳይ ፍሬም ስትሰራ ሰው እሷን ትቶ በሩን ነው የሚያየው። ከዚያ አንዴ ብቻ፣ ፍሬሙ ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ይገኝ። ሲዘጋ አናይም፣ እሷም ዞር አትልም፣ ካሜራውም አይጠጋውም።

ካሜራ መንቀሳቀስ የለበትም እያልኩ አይደለም። "ዘ ሻይኒንግ" ላይ ያ ትንሽ ልጅ በሦስት ጎማ ብስክሌቱ የሆቴሉን ኮሪደሮች ሲዞር ስቴዲካም፣ ማለትም ሰው እየተራመደ ሲቀርጽ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ወደ ወለሉ ዝቅ ብሎ ከኋላው ይንሳፈፋል። ስቴዲካሙን የያዘው ራሱ የፈለሰፈው ጋሬት ብራውን ነው። ምንም መንቀጥቀጥ የለም፣ ሰው የያዘው አይመስልም፣ አስፈሪነቱም እዚያ ጋ ነው። ለሳውንድ ሰው የሚሆን ነገርም አለው፦ ጎማው ባዶ ወለል ላይ ሲሆን ይንኳኳል፣ ምንጣፍ ላይ ሲወጣ ጸጥ ይላል፣ እንደገና ይንኳኳል። ያን ድምፅ እየሰማህ ቀጣዩን መታጠፊያ ስትጠብቅ ነው ሆድህ የሚላወሰው።

ባዶ ፎቅ፦

ኧረ ተባረኩ። ሙዚቃውን ዘግቼ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት፣ ከተዋናይዋ ትንፋሽ በቀር ምንም የለም። ደረጃውንም መቀሱ የገመተው ነው፣ ከኋላዋ አንድ ሾት። ልጅ የማገኝ አይመስለኝም ግን ድምፁ ብቻ ከሆነ ይቻላል፣ ሶፋው ላይም ብርድ ልብስና አንዲት ትንሽ ካልሲ ትበቃለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መጨረሻ ላይ ያለውን ፊት ላውጣው ወይስ ልተወው? ሜካፑ ብዙ ለፍተንበታል።

መቀሱ፦

አውጣው። ስለለፋህበት ብለህ የተውከው ሾት ሁሉ ፊልሙን ያከብደዋል። በ1975ቱ "ጆውስ" ላይ ሜካኒካሉ ሻርክ ውሃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ ስፒልበርግ ሻርኩን ማሳየቱን ቀንሶ በሙዚቃውና ሻርኩ ላይ ታስረው ውሃው ላይ በሚጎተቱ ቢጫ በርሜሎች ተካው። በርሜሉን ስናይ ሻርኩን አየነው። ዕቃው እንደልብ ቢሰራለት ኖሮ ፊልሙ እንዲህ የሚሆን አይመስለኝም።

ጥላ ወዳድ፦

እኔ አልስማማም። አለማሳየት ሌላ፣ ምንም አለማድረግ ሌላ። 8 ደቂቃ ጠብቆ ባዶ እጁን የሚወጣ ተመልካች ይናደዳል፣ ልክም ነው። የሮበርት ዋይዝ "ዘ ሆንቲንግ" የ1963ቱ፣ መንፈሱን አንድም ጊዜ አያሳይም፣ ግን ወፍራሙ የእንጨት በር ወደ ውስጥ እየጎበጠ ሲመጣ በዓይናችን እናያለን። የሚታይ ነገር ሰጥቶናል። ፊቱን ካልጣልክ አብሮት ያለውን ከባድ ድምፅ ጣለው። "እማዬ" የሚለው ድምፅ ከታች ይምጣ፣ እሷ ወደ ታች ዞር ትበል፣ ከኋላዋ በሩ በትንሹ ተከፍቶ ፊቱ ፎከስ ሳይገባ ደብዝዞ ይታይ። ያለ ምንም ጩኸት። ያየ አየ፣ ያላየ አላየ።

ትሪፖድ፦

በዚህኛው ከጥላ ወዳድ ጋር ነኝ። ሁለቱንም ቅረጻቸውና ኤዲቲንግ ላይ ምረጥ፣ ቤቱ አለህ ተዋናይዋ አለች።

ባዶ ፎቅ፦

እሺ፣ ሁለቱንም እቀርጻለሁ። የበሩን መስመር ስንት ሰከንድ ላቆየው?

መቀሱ፦

ስትቀርጽ ሰከንድ አትቁጠር። ሰውየው ከመምጣቱ በፊትም፣ ቆሞም ብዙ ይቆይ፣ እኔ የምቆርጠው ነገር ይኑረኝ ብለህ አስብ። ርዝመቱን የምታውቀው ከኮቴው ድምፅ ጋር አብረህ ስታየው ነው።

ትሪፖድ፦

እና ከመቅረጽህ በፊት ካሜራውን ከአውቶ አውጣው፣ የብርሃኑንም የፎከሱንም። ካልሆነ እግሮቹ መስመሯን ሲጋርዱ ካሜራው "ጨለመ" ብሎ ራሱን ያበራል፣ ያ ሁሉ ጥቁር ኮሪደር ግራጫ ሆኖ ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ሳይቀር ይታይልሃል።